«ራስህን መርምር» እያላችሁ ልጃችሁን አታሳምሙት!

ውድ ወላጆች፣ የዛሬው ጽሑፌ አንዳንዶቻችሁን ሊያስቆጣ ይችላል። ይሁን።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ማግስት በደብረ ታቦርም፣ በፋርጣም፣ በእስቴም በየቤቱ የሚነገር ነገር አለ፦ «ቁጭ በልና ራስህን መርምር!» ምክር ይመስላል። ለደነገጠ ልጅ ግን የሚሰማው «ጥፋቱ ያንተ ብቻ ነው» ተብሎ ነው።

እስኪ ቁጥሩን እንይ። በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶው ከ90 በላይ ሲወድቅ መመርመር ያለበት የእናንተ ልጅ ብቻ ነው? የእኛ ልጆች ደግሞ የተማሩት በጦርነት መካከል ነው። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ጋይንት ደርሶ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመትታለች። ከ2015 መጨረሻ ወዲህም በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ይህን ሁሉ ትቶ ልጁን ብቻ መመርመር ምርመራ ሳይሆን ፍርድ ነው።

ራስን መመርመር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ለአእምሮ ጤና ይጠቅማል። ችግሩ ከማብሰልሰል ጋር መምታታቱ ነው። ራሱን የሚመረምር ሰው በጥያቄ ይጀምርና የሚሠራው ነገር ይዞ ይነሣል። የሚያብሰለስል ሰው ግን እህል በሌለበት አውድማ እንደሚዞር በሬ ነው፤ ሲደክም ይውላል እንጂ ምርት የለውም።

ሱዛን ኖለን ሆክሴማ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ካሊፎርኒያ በመሬት መንቀጥቀጥ ከመመታቷ ቀደም ብሎ የተማሪዎችን ስሜት መዝግበው ነበር። ከአደጋው በኋላ የድብርት ስሜት የበረታው ቀድሞም ሐዘናቸውን ደጋግሞ የማብሰልሰል ልማድ በነበራቸው ላይ ነው።

«ታዲያ ዝም እንበለው?» አትበሉት። «አታስብ!» ማለትም መፍትሔ አይደለም፤ አእምሮ በትእዛዝ አይቆምም። ይልቅ እንዲህ አድርጉ፦

👉 «ለምን እንዲህ ሆንክ?» ሳይሆን «የቱ ትምህርት ከበደህ? በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ? ስለ ሪሚዲያል ማንን እንጠይቅ?» በሉት።
👉 ብቻውን ክፍል ዘግቶ አይመርምር። አብራችሁት ተቀመጡ፤ ለግማሽ ሰዓት ተነጋገሩና ወደ ሥራ፣ ወደ ጓደኛ፣ ወደ እንቅስቃሴ ይውጣ።
👉 ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት።
👉 እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፦ ልጄ ሲከፋው ለመንገር የማይፈራኝ ወላጅ ነኝ?

ወንድም ይሁን ሴት፣ ልጃችሁ ለሁለት ሳምንት ያህል ቀኑን ሙሉ ከከፋው፣ ደስ ይለው የነበረው ነገር ካስጠላው፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከተዛባ፣ «የማልረባ ነኝ» ካለ፣ ይህ ስንፍና አይደለም። ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ድብርት ደግሞ የሚታከም በሽታ ነው። የታመመን ሰው «ራስህን መርምር» ማለት እግሩ የተሰበረውን «ሮጠህ ተሻለው» እንደማለት ነው። የንስሐ አባቱን ያናግር፣ ጠበልም ይጠመቅ፤ ሕክምናውን ግን አታስቀሩበት። በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት።

ስለ ሞት ካወራ ቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ሸክሙን ያቀልለታል። ብቻውን አትተዉት። ፀረ ተባይ መድኃኒትና ጠመንጃ ከቤት አርቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ፈተና በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል። ልጅ ግን አንዴ ከሄደ አይመለስም።

ውጤት ለሚጠብቁ ወላጆች ሁሉ ሼር አድርጉላቸው።