የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሲቀርስ? የጉዳተኛ ልጆቻችን ሥራና የመንግሥት ገንዘብ



እዚህ አሜሪካ ከእሑድ አምልኮ በኋላ አንዲት እናት ወደ እኔ ቀርባ፥ «ፓስተር፥ ልጄ በጁን ትምህርቱን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ አይመጣም። ሥራዬን ልተው ወይስ ልጄ ቤት ተዘግቶበት ይዋል?» አለችኝ። ልጇ ኦቲዝም ያለበት ወጣት ነው። እጸልይልሻለሁ አልኋት፤ መልስ ግን አልነበረኝም። ጉዳዩን ስመረምር ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

በአሜሪካ ሕግ ከባድ ጉዳት ያለበት ልጅ፥ እንደሚኖርበት ስቴት፥ በአብዛኛው እስከ 21 ወይም 22 ዓመቱ ድረስ ነፃ ትምህርት የማግኘት መብት አለው። ከዚያ በኋላ ግን መብት የነበረው ነገር ማመልከቻና ወረፋ ይሆናል።

የፌዴራል መንግሥት ለጉዳተኞች «በድጋፍ ለሚሠራ ሥራ» ለስቴቶች ገንዘብ መመደብ የጀመረው በ1986 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ሕግ ነው። ወጣቱ በተለየ ቦታ ለዓመታት «ከመዘጋጀት» ይልቅ በቀጥታ በሱፐርማርኬት ወይም በሆቴል ይቀጠራል። ጆብ ኮች የሚባል አሰልጣኝ አብሮት ሆኖ ሥራውን ያስተምረዋል፤ ወጣቱ እየለመደ ሲሄድም ቀስ በቀስ ይርቃል። ደመወዙን አሠሪው፥ የአሰልጣኙን ወጪ መንግሥት ይከፍላል።

ችግሩ ገንዘቡ ከሁለት ኪስ መውጣቱ ነው። የቮኬሽናል ሪሃቢሊቴሽን መሥሪያ ቤት የሚከፍለው፥ በ2014 በወጣው ሕግ መሠረት፥ በአብዛኛው እስከ 24 ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙዎች ድጋፉ የሚመጣው ከሜዲኬይድ ዌይቨር ነው። ዌይቨር ግን ስቴቶች የመስጠት ግዴታ የለባቸውም፤ የተቀባዩንም ቁጥር መወሰን ይችላሉ። ስለዚህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወረፋ ላይ ናቸው። በጁላይ 2025 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ደግሞ በአሥር ዓመት ውስጥ የሜዲኬይድን ወጪ በብዙ መቶ ቢሊዮን ዶላር ይቀንሳል። ሕጉ ይህን አገልግሎት በስም ጠርቶ አልቆረጠም። ነገር ግን ስቴት ገንዘብ ሲያጥረው በቀላሉ የሚነካው ግዴታ ያልሆነበትን ነው።

ሌላው ክርክር ስለ ደመወዝ ነው። የ1938ቱ የሠራተኛ ሕግ ልዩ ፈቃድ ያላቸው አሠሪዎች ለጉዳተኞች ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች እንዲከፍሉ ይፈቅዳል፤ ይህ አንቀጽ ዛሬም አልተሻረም። ጉዳተኛን አሳንሶ መክፈል የት ሊያደርስ እንደሚችል በአዮዋ ታይቷል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው 32 ወንዶች በተርኪ ማረጃ ለዓመታት ሲደክሙ የሚሰጣቸው በወር 65 ዶላር ነበር። ጉዳዩ በ2009 ተጋለጠ። ሜሪላንድ በ2020 ይህን ዓይነቱን አከፋፈል አስቀርታለች፤ ቨርጂኒያም እስከ 2030 ልታስቀር ሕግ አውጥታለች። የፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 2024 በአገሪቱ ሁሉ እንዲቀር ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ በጁላይ 2025 ግን ለዚህ ሥልጣን የለኝም ብሎ ሐሳቡን አነሳ።

አንዳንድ ወላጆች እነዚህ የተለዩ የሥራ ቦታዎች እንዳይዘጉ ይለምናሉ። አልፈርድባቸውም። ልጃቸው የሚውልበት፥ ጓደኛ ያገኘበት ቦታ ነው። ለአሰልጣኝ የሚከፈል ገንዘብ ሳይመደብ በሩ ቢዘጋ ልጁ የሚመለሰው ወደ ሶፋው ነው። ስለዚህ ድጋፉ ይቅደም፥ መዝጋቱ ይከተል እላለሁ። ሙሉ ቀን የሠራን ሰው በሳንቲም መሸኘት ግን፥ የሠራተኛው ደመወዝ ጩኸት ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ለምናምን ሰዎች (ያዕቆብ 5) ሊዋጥልን አይገባም።

ወገኖቼ፥ ስለ ሜምፊቦስቴ ብዙ ሰብከናል። ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ነበሩ። ዳዊት በማዕዱ እንዳስቀመጠው እንናገራለን። ነገር ግን 2ኛ ሳሙኤል 9ን ደግመን ብናነብ፥ ንጉሡ ርስቱንም መለሰለት፤ የሚያርሱለትንም ሰዎች መደበለት። ማዕድ ብቻውን አልበቃም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ በጸሎትና በምሳ ግብዣ እናበቃለን።

ታዲያ ምን እናድርግ? ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ገና ትምህርት ቤት ሳለ ለዌይቨር አስመዝግቡት፤ ወረፋው ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። «ሰው ምን ይለኛል» ብላችሁ አትደብቁት፤ የተደበቀ ልጅ ስሙ በመዝገብ አይገኝም። ሬስቶራንት፥ ግሮሰሪ ወይም መዋለ ሕፃናት ያላችሁ ደግሞ አንድ ሰው ለመቅጠር አስቡ። ድምፅ መስጠት የምትችሉም ለስቴታችሁ ተወካዮች ስለዚህ በጀት ጻፉ።

የዚያች እናት ልጅ በየትኛውም ወረፋ ላይ አልነበረም። ለዓመታት በአንድ ጣሪያ ሥር አብረናት ስናመልክ፥ እኔን ጨምሮ፥ ማንም አልነገራትም ነበር። ባለፈው ሳምንት ማመልከቻውን አብረን ሞላን። ዘግይተናል። ከእናንተ መካከል ግን ገና ያልዘገየ አለና ይህን ለእርሱ ጻፍሁ።

ጌታ ይባርካችሁ።