ዕዳውንስ እንከፍለዋለን፣ ዓመቱንስ?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር በእኛ አገር በላስታ አንድ ጥያቄ ይነሳል። በይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ ባለው መንደራችንም ይሁን በብልባላ ገበያ፣ ልጁ ያለፈለት አባት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ደመወዙ ደህና የሆነው የትኛው ትምህርት ነው?» ብሎ ነው። ማለፍ ራሱ እኮ ብርቅ ሆኗል! በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. እንኳ 8.4 በመቶ ነው የደረሰው። ከዚህ ወንፊት ያለፈ ልጅ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ከሆነና ሕክምና ካልደረሰው መልሱ የታወቀ ነው፤ «ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ግባ» ይባላል።

ዘንድሮ ታናሽ እህቴ 12ኛ ክፍል ናት፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ። ስለዚህ ጉዳዩ ለእኔ የቡና ላይ ወሬ አይደለም። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ስለሆንኩ አባታችን መልሱን የሚጠብቀው ከእኔ ነው። «የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኢንጂነሪንግ ምን አገባው?» የሚል ካለ፣ ጋዜጠኝነት ማለት እኮ የማያገባ በሚመስል ነገር ገብቶ መጠየቅ ነው። እናም ጠየቅኩ፣ ደመርኩ፣ ቀነስኩ። የደረስኩበት ነገር ይኸው ነው፤ ሰው የሚፈራው ዕዳውን ነው፣ ሊፈራ የሚገባው ግን ሌላ ነው።

እስቲ ከዕዳው እንጀምር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። አሠራሩ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይመልሳል፤ አሠሪው በየወሩ ከደመወዙ 10 በመቶ እየቆረጠ ገቢ ያደርጋል። ለብዙ ዓመታት ይህ ዕዳ ማንንም አላስደነገጠም፤ ለተማሪ ምግብ የሚመደበው ገንዘብ በጣም ትንሽ ነበርና። በ2017 ዓ.ም. ግን የቀኑ ተመን ከ22 ብር ወደ 100 ብር አደገ። በ22 ብር ምን ዓይነት ሽሮ ይሠራ እንደነበር የበላ ያውቀዋል፤ ጭማሪው የግድ ነበር። ነገር ግን ሳህኑ ላይ የተጨመረው ውሉም ላይ ይጨመራል። ነን ካፌ ሆኖ ገንዘቡን በእጁ የሚቀበልም ቢሆን ከዕዳው አያመልጥም።

ሒሳቡን በወረቀት ሠርቼዋለሁ። በቀን 100 ብር፣ በዓመት አሥር ወር ብንል 30,000 ብር ይሆናል። ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት ስለሆነ 150,000 ብር። ይህ ምግቡ ብቻ ነው፤ በድሮው ተመን 33,000 ብር ነበር። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ወዲህ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ከዚህ ላይ በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት 2,100 ብር ግብር ይነሳል፣ 7 በመቶው ማለትም 805 ብር ጡረታ ይገባል፣ 1,150 ብር ደግሞ ለወጪ መጋራት ይቆረጣል። እጅ ላይ የሚደርሰው 7,445 ብር ነው። በወር 1,150 ብር እየተቆረጠ 150,000 ብር ለመጨረስ 130 ወር ያስፈልጋል። አሥር ዓመት ከአሥር ወር መሆኑ ነው!

ቁጥሩ ያስደነግጣል። ሆኖም ዕዳ ሁሉ አንድ አይደለም። በእኛ አገር ገበሬ የሚያውቀው ዕዳ የማዳበሪያ ዕዳ ነው፤ ገብሱን በረዶ ቢመታውም ይከፈላል። ይህኛው ደመወዝ ከሌለ አይቆረጥም፤ ወለድም የለውም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ የተፈረመበት ዕዳ ግን ያው በነበረበት ቁጥር ይቀመጣል። ኑሮው እየተወደደ ሲሄድ ዕዳው እየቀለለ ይመጣል ማለት ነው። ከባዱ መያዣው ነው። ዕዳውን ያላጠናቀቀ ሰው ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው የክፍያ ማረጋገጫ ነው። ውጭ አገር ማስተርስ የሚያመለክት ኢንጂነር ይህን በደንብ ያውቀዋል።

አሁን ማንም ወደማይቆጥረው ልምጣ። በአገራችን ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ የሚባለው በአብዛኛው በኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ትምህርት ክፍል ውስጥ በኋለኞቹ ዓመታት የሚመረጥ ዘርፍ ነው። አምስት ዓመት ይፈጃል። ኮምፒውተር ሳይንስ አራት ዓመት ነው። (ጋዜጠኝነትም አራት ነው፤ የእኛን ደመወዝ ለሌላ እትም እንተወው።) ኢንጂነሩ በሥራ መደቡ ምክንያት ጥቂት ከፍ ብሎ ቢጀምር እንኳ ያቺ አንድ ዓመት ነጻ አይደለችም። ለምግብ የምትጨምረው ዕዳ 30,000 ብር ነው፤ በዚያው ዓመት ሥራ ይዞ ቢሆን ኖሮ የሚያገኘው ያልተጣራ ደመወዝ ግን 11,500 ሲባዛ በ12፣ 138,000 ብር ነው። የአንድ ዓመት እንጀራ ዕዳ ሲያስጨንቀን አራት እጥፍ ተኩል የሚሆነው ገንዘብ በጎናችን ያልፋል። በውሉ ላይ ስላልተጻፈ ማንም አያየውም።

ሌላም በውሉ ላይ የሌለ አለ። የአጎቴ ልጅ በዚሁ ዘርፍ ነው የተመረቀው። አጎቴ በሬ ሸጦ ነው ላፕቶፕ የገዛለት። ተመርቆ አዲስ አበባ ሲሄድ ከሦስት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ስምንት ወር ሥራ ፈለገ። ማስታወቂያው ሁሉ «የሁለት ዓመት ልምድ» ይላል፤ ልምዱን ከየት ያምጣው? ኪራዩን የከፈለችው እህቱ ናት፣ ከአረብ አገር እየላከች። ዛሬ በአንድ የግል ድርጅት ሲስተም ይጠብቃል፤ ማታ ማታ ደግሞ ውጭ አገር ላለ ሰው አፕሊኬሽን እየሠራ በዶላር ይከፈለዋል። ደህና ነው፣ ተመስገን። ታዲያ ያንን የማታውን ሥራ የት ተማርከው ብለው፣ «ኮዱን ከዩቲዩብ፣ ሰርኪዩቱን ከክፍል» አለኝ። በዶላር የሚያስከፍለው ኮዱ ነው። ኮድ መማር ደግሞ አምስት ዓመት መቀመጥን አይጠይቅም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና እንኳ በነጻ የሚሰጥ ነው። እርግጥ ነው፣ የቴሌኮም መሣሪያ ወይም የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ላይ መሥራት ለሚፈልግ ዩቲዩብ አይበቃውም፤ ላቦራቶሪና መምህር ያስፈልገዋል። አምስቱ ዓመት ዋጋ የሚያወጣው እዚያ ላይ ነው።

መንገዱን ጀምሮ ያላለቀለትም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪ የለም። የበላው ምግብ ግን ተበልቷል፣ ውሉም ተፈርሟል። ዲግሪ ሳይኖር ዕዳ የሚኖርበት ሁኔታ አለና «ከገባ በቃ አለፈለት» የሚባለውን ትንሽ ቀነስ እናድርገው።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ነርስ ሆና የተመረቀች የላስታ ልጅ ተመልሳ ጤና ጣቢያ ልትመደብ ትችላለች። መምህርም እንዲሁ፤ የመምህር ደግሞ ወጪ መጋራቱም በአገልግሎት የሚካካስበት አሠራር አለው። ኮምፒውተር ኢንጂነርስ? ላሊበላ እንጀራ የነበረው ለአስጎብኚውና ለሆቴሉ ነበር፤ መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ ጦርነቱ እሱንም አደቀቀው። «ቤት ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት ይሠራል» የሚሉ አሉ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ የአጎቴ ልጅ እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ ያን የውጭ አገር ሰው በምን ያናግረው ነበር? በደብዳቤ? ስለዚህ አንድ የመንደራችን አባት ልጁን ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ሲያስገባ የሚፈርመው ልጁ እንዳይመለስ ጭምር ነው። ወር ጠብቆ የሚላክ ብር ይኖር ይሆናል። በሐምሌ ሞፈር የሚጨብጥ፣ አባት ሲታመም ሐኪም ቤት የሚያደርስ ግን አይኖርም። ይህን ወደ ብር ለመቀየር ሞክሬ አልቻልኩም፤ ሒሳቡ ውስጥ ግን መግባት አለበት።

ለእህቴ የነገርኳት እንዲህ ነው። የተበላሸ ሬዲዮ ስታይ ፈትተሽ ካላየሁ የምትይ ከሆነ (ናትም!) ኢንጂነሪንግ ግቢ፤ ዕዳው አያግድሽ፣ አሥር ዓመትም ቢፈጅ ከደመወዝሽ አንድ አሥረኛ ነው። የምትፈልጊው ኮድ ብቻ ከሆነ ኮምፒውተር ሳይንስ አንድ ዓመት ያተርፍልሻል። ለደመወዝ ስትይ ብቻ ከሆነ ግን ስኬሉን አሳይቼሻለሁ። አባታችን ሰምቶ ዝም አለ፤ ቆይቶ «ሬዲዮኑንስ መልሳ ገጥማው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

አንድ የምጠይቀው ነገር አለኝ። ፍሬሽማኖች ትምህርት ክፍል ሲመርጡ በሚሞሉት ቅጽ ላይ ከእያንዳንዱ ትምህርት ክፍል ስም ጎን የዓመቱ ብዛት፣ እስከ ምረቃ የሚጠራቀመው ዕዳ ግምትና በመነሻ ደመወዝ በወር የሚቆረጠው ብር ይጻፍ። የወጪ መጋራት ውሉ የሚፈረመው በሰልፍ፣ ከኋላ እየተገፋ ነው፤ እዚያ ላይ ማንም ቁጭ ብሎ አይደምርም። ቁጥሮቹ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ስላሉ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነው፤ ለዘንድሮዎቹ ፍሬሽማኖችም ይደርሳል።