ግዕዝን በስልክ መጻፍ ባለቤት ይኑረው?

አፕልና ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2018 ሲካሰሱ ኖሩ። ያጣላቸው ነገር ሲሰሙት ያስቃል፦ ስክሪኑን በጣት ነካ ሲያደርጉት ገጹ ጎላ ማለቱ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ነጥሮ መመለሱ፣ የስልኩ ማዕዘን ክብ መሆኑ። በ2012 ሳምሰንግ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት፤ ገንዘቡ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆይቶ በስምምነት ተዘጋ። እኛም የሀብታም ጠብ ነው ብለን አለፍነው።

ግን ነገሩ የእኛንም ፊደል ይነካል። በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር አበራ ሞላ (አዲስ አበባን በጽዳት የምናውቀው አርቲስት አይደሉም) በ2015 የግዕዝ ፊደላትን በኪቦርድ ለማስገባት ለሚያገለግል ዘዴ የአሜሪካ ፓተንት አግኝተዋል። አንዱን ፊደል ቢበዛ በሁለት ቁልፍ መጻፍ ነው ሐሳቡ። ሰውየው ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለፊደላችን ለፍተዋል፤ ይህን ለመካድ አልጽፍም። ፓተንቱም የሚሸፍነው የተወሰነ አሠራር እንጂ ፊደሉን አይደለም።

ጥያቄዬ ከሥርዓቱ ጋር ነው። ከ200 በላይ ፊደል በትንሽ ኪቦርድ ለመጻፍ የተቀመጠ ሁሉ አንድ ቦታ ይደርሳል፤ መጀመሪያ «ለ»ን መንካት፣ ከዚያ ካዕብ ይሁን ሣልስ መምረጥ። መንገዱን ያሳየን የቄስ ትምህርት ቤቱ ገበታ ነው። በ1990ዎቹም እነ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በላቲን ፊደል የመወከያ ዘዴ ሠርተው ለሁሉም ክፍት አድርገውታል። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ለ20 ዓመት አጥር ማጠር ለማን ይጠቅማል?

የእኛ ሕግ እዚህ ላይ የተሻለ ነው ባይ ነኝ። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ፓተንት ከማይሰጣቸው ነገሮች ይደምረዋል። ፕሮግራም የሚጠበቀው በቅጂ መብት ነው፤ የሰው ኮድ መገልበጥ ክልክል፣ ሐሳቡን በራስ ላብ መሥራት ግን ይቻላል። የአሜሪካ ፓተንትም አገራችን ውስጥ አይሠራም። ታዲያ ምን አስጨነቀህ ትሉኝ ይሆናል። አፑ የሚጫንበት ገበያ የማን ነው? የጎግልና የአፕል። ትክል ድንጋይ ተቀምጦ ኪቦርድ የሠራ ልጅ ዋሽንግተን ላለችው እህቱ ሲያደርስ እዚያ ያለው ሕግ ይይዘዋል። ፓተንቱን ልሞግት ቢል ደግሞ እዚያው አገር ለማመልከቻው ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠየቃል።

ጤፍን አስታውሱ። አውሮፓ ውስጥ በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ለአንድ የደች ኩባንያ ፓተንት ተሰጠ። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት «ፈጠራ የለውም» ብሎ የኔዘርላንድሱን ድርሻ ሻረው። ደስታችንን እናስታውሳለን፤ የተካሰሱት ግን ሁለት የደች ኩባንያዎች ነበሩ። የእኛ መንግሥት ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረም። እነሱ ባይጣሉ ኖሮስ?

«የለፋ ሰው ታዲያ ምን ይብላ?» ለሚለው፣ ፕሮግራሙን ይሽጥ፣ መንግሥትም ይሸልመው፤ ለፊደላችን የሠራ ሰው ሽልማት ሲያንሰው ነው። ሌላው እንዳይሠራ መከልከል ግን ሌላ ነገር ነው።

የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ከዚህ ይጀምር፦ ስለ አማርኛ ጽሕፈት ሶፍትዌር የታተመውን ሁሉ ከነቀኑ ሰብስቦ ለዓለም ክፍት ያድርግ። ፓተንትን የሚጥለው ከማመልከቻው በፊት በአደባባይ የወጣ ማስረጃ ነው። የእኛ ማስረጃ ደግሞ በየቢሮው መጋዘን አቧራ እየጠጣ ነው። የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ የአማርኛ ፕሮግራም ፍሎፒ ዲስክ፣ መመሪያ ወይም የጋዜጣ ማስታወቂያ ያላችሁ አትጣሉት። ቀኑ እንዳይጠፋ ፎቶ አንሡት።