የመኪናው መብራት ሲበራ አምፖሉን አንንቀል



በዚህ ጊዜ ርዕሰ አንቀጻችን የምናነሣው ጉዳይ ሲታይ የመኪና ባለቤቶችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል፡፡ ነገር ግን መኪና ያለውም የሌለውም የሚተነፍሰው አንድ አየር ስለሆነ ሁላችሁም እስከ መጨረሻው እንድታነቡልን እንጠይቃለን፡፡

እንደሚታወቀው በደባርቅም ሆነ በዳባት ቪትዝና ኮሮላ የመሳሰሉ ትንንሽ የቤት መኪናዎች አሉ፤ አብዛኞቹም ዕድሜ የጠገቡ ናቸው፡፡ እነዚህ መኪናዎች ዳሽቦርዳቸው ላይ የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫ መብራት አለቻቸው፡፡ ሾፌሮቻችን «ቼክ ኢንጂን» ይሏታል፡፡ ይህች መብራት ስትበራ ብዙ ሰው የሚያደርገው ከሦስት አንዱን ነው፡፡ ወይ ዝም ይላል፤ ወይ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ መልሶ ያስራል፤ ወይ ደግሞ ዳሽቦርዱን አስፈትቶ አምፖሉን ያስነቅላል፡፡ ባትሪ ቢነቀል መብራቷ ለጥቂት ቀን ትጠፋና ተመልሳ ትበራለች፡፡ አምፖሉ ሲነቀል ግን ተመልሳ አትበራም፤ በሽታውም ያለ ተናጋሪ ይቀራል፡፡ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለሰው ቢሆንም ለመኪናም ይሠራል፡፡

ለመሆኑ መብራቷ ምን እያለች ነው? ይህን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል፡፡ ድሮ የምናውቀው ዲኤክስ ኮሮላ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅልለት ካርቡራተር ነበረው፡፡ መካኒኩ በካቻቢቴ ጠምዘዝ አድርጎ ይለካለታል፣ አበቃ፡፡ በቪትዝና ከዚያ ወዲህ በመጡት መኪናዎች ግን ልኩን የሚያዘው ኮምፒዩተር ነው፡፡ ኮምፒዩተር ደግሞ ዓይንም ምላስም የለውም፤ የሚያየውና የሚቀምሰው በሴንሰሮች ነው፡፡ አንዱ ሴንሰር የሚገባውን አየር ይለካል፡፡ ሌላው የሞተሩን ውሃ ሙቀት ይናገራል፡፡ ዋናው ግን በጢስ መውጫው ቱቦ ላይ ተተክሎ የወጣውን ጢስ የሚቀምሰው የኦክስጅን ሴንሰር ነው፡፡ ይህ ዕቃ የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1976 በቮልቮ መኪና ላይ መጀመሪያ የተገጠመ ነው፡፡

ሥራው ወጥ እንደምትሠራ እናት ነው፡፡ እናት ጨው ጨምራ ትቀምሳለች፤ ከበዛ ውሃ ጠብ ታደርጋለች፣ ካነሰ ትጨምራለች፡፡ ሴንሰሩም በጢሱ ውስጥ ኦክስጅን ተርፎ ካገኘ «ቤንዚን አንሷል»፣ ካላገኘ ደግሞ «ቤንዚን በዝቷል» ብሎ ለኮምፒዩተሩ በኤሌክትሪክ ይነግረዋል፡፡ ትክክለኛው ልክ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ነው፡፡ ሴንሰሩ የሞተ እንደሆነ ኮምፒዩተሩ ሳይቀምስ በግምት ይሠራል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ቤንዚን ወደ ማብዛት ያደላል፡፡

ይህ ነገር ለእኛ አገር ከሌላው ይልቅ ይብሳል፡፡ ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው፡፡ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህሉን ብቻ ነው፡፡ አየር ሲያንስ ቤንዚኑም በዚያው ልክ ማነስ አለበት፡፡ ከዛሪማ ተነሥቶ ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ የሚገባ መኪና በአንድ ጉዞ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይቀየርበታል፡፡ በቆላ የተለካ ካርቡራተር እዚህ ሲደርስ ጥቁር ጢስ የሚተፋው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ ሴንሰሩ ደህና የሆነ መኪና ግን መንገድ ላይ እንዳለ ራሱን እያስተካከለ ይወጣል፡፡ እንግዲህ ለደጋ ሰው ሴንሰር ማለት ጌጥ ሳይሆን የመኪናው ዋና ዕቃ ነው ማለት ነው፡፡

አምፖሉን የነቀለ ሰው ምን ያተርፋል ብንል ኪሣራውን ነው የምንቆጥረው፡፡ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ቤንዚን ደግሞ ዋጋውም ሰልፉም ለማንም የተሰወረ አይደለም፡፡ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፡፡ ከዚያ ቀጥሎ ከማርሚታው በፊት ያለው ካታሊስት የሚባለው ዕቃ ይበላሻል፡፡ ካታሊስት እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ፣ በፕላቲኒየም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተቀባ ማጣሪያ ነው፤ መርዛማውን ጢስ ወደ ቀላል ጢስ ይለውጣል፡፡ ያልተቃጠለ ቤንዚን ሲደርሰው ከመጠን በላይ ይግልና ይቀልጣል፣ ይደፈናልም፡፡ ከዚያ «ሞተሩ ትንፋሽ አጠረው» ተብሎ ካታሊስቱ ተቆርጦ ይወጣል፤ ውድ ማዕድን ስላለበትም ገዢ አያጣም፡፡ ከካታሊስቱ በኋላ ያለው ሁለተኛው ሴንሰር ደግሞ ማጣሪያው አለመኖሩን ስለሚያውቅ መብራቷን ያበራል፡፡ ያን ጊዜ አምፖሉም ይነቀላል፡፡ ነገሩ እንዲህ እያለ አንዱ ጥፋት ሌላውን ይወልዳል፡፡

አሁን ደግሞ ሴንሰር ያለ ጊዜው የሚሞትባቸውን ምክንያቶች እናንሣ፡፡ አብዛኞቹ በእጃችን ያሉ ናቸው፡፡

አንደኛው ቴርሞስታት ማስወጣት ነው፡፡ መኪናው ሞቀ ሲባል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ሆኗል፡፡ በቆላ ቢሆን እንኳ የማይመከር ነው፤ በደባርቅ ብርድ ግን ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ልኩን ያህል ሳይሞቅ ይውላል፡፡ የውሃው ሴንሰር «ገና ብርድ ነው» እያለ ስለሚናገር ኮምፒዩተሩ ቤንዚን ያበዛል፤ ትርፉ ቤንዚን ጥላሸት ሆኖ የኦክስጅን ሴንሰሩን ይሸፍነዋል፡፡ ሴንሰሩ ተሳሳተ ይባላል እንጂ ጥፋቱ የተጣለው ቴርሞስታት ነው፡፡

ሁለተኛው ሲሊኮን ነው፡፡ ዘይት የሚያንጠባጥበውን ሁሉ በጓርኒሲዮን ፋንታ በተራ ሲሊኮን መለጠፍ አለ፡፡ የዚያ ሲሊኮን ትነት ወደ ሞተር ገብቶ ሲቃጠል ሴንሰሩን በነጭ ሽፋን ይደፍነዋል፡፡ የግድ ከሆነ ለሴንሰር ደህና ነው ተብሎ የተጻፈበትን መጠቀም ነው፡፡

ሦስተኛው በጀሪካን የሚገዛ፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ነው፡፡ አራተኛው ዘይት የሚበላ ሞተር ነው፤ የዘይቱ አመድ ሴንሰሩንም ካታሊስቱንም ይጎዳል፡፡ አምስተኛው ዕድሜ ነው፡፡ ማሞቂያ ያለው ሴንሰር እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሊያገለግል ይችላል፤ የእኛዎቹ ብዙዎቹ ያንን አልፈው የመጡ ናቸው፡፡

መብራቷ ከበራች ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ዓይነቷን ማየት ነው፡፡ ቦግ ብላ ዝም ያለች እንደሆነ መኪናው ቀስ ብሎ ጋራዥ ይደርሳል፡፡ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ግን ሲሊንደር ሳያቃጥል እየቀረ ስለሆነ ጋዙን መቀነስና ቶሎ ማቆም ይገባል፡፡

ቀጥሎ ኮዱን ማስነበብ ነው፡፡ ስካነር የሚባለው መሣሪያ ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ተሰክቶ ቁጥር ይሰጣል፡፡ ፒ0135 ካለ የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያ መስመር ነው፤ ፒ0171 ካለ ቤንዚን አንሷል፣ ፒ0172 ካለ በዝቷል፤ ፒ0420 ካለ ካታሊስቱ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው፡፡ እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ቁጥሩ የሚናገረው በሽታው የታየበትን ቦታ እንጂ ይህን ዕቃ ለውጥ ብሎ አያዝም፡፡ ጨጓራዬን አመመኝ ያለ ሰው ሁሉ ጨጓራው ተቆርጦ አይወጣለትም፡፡

ስለዚህ ሴንሰር ከመግዛት በፊት ገንዘብ የማይጠይቀውን ማየት ያሻል፡፡ የአየር ፊልትሮው ታፍኗል ወይ? የአየር ቱቦው ተሰንጥቋል ወይ? የሴንሰሩ ሽቦ በጋለው ቱቦ ላይ ቀልጧል ወይ? ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጢስ ቱቦ ይተነፍሳል ወይ? እዚያ ትንሽ ቀዳዳ ካለች አየር ከውጭ ስለሚገባ ሴንሰሩ «ቤንዚን አንሷል» ብሎ ይሳሳታል፤ ኮምፒዩተሩም ያለ ምክንያት ቤንዚን ይጨምራል፡፡ ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ መካኒኩ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ በቴስተር ይለካዋል፡፡ በአሮጌዎቹ መኪናዎች በአብዛኛው ደህና ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ባለው መካከል ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል፤ አንድ ቦታ ላይ ተገትሮ የሚቀር ከሆነ ወይ ሞቷል ወይ ሌላ ብልሽት አለ፡፡ ሴንሰሩ ካልሞቀ አይሠራምና በብርድ ሞተር ለክቶ መፍረድ አይገባም፡፡

ለጃፓን አገር ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የቆዩ ቶዮታዎች ከተራ ስካነር ጋር አይነጋገሩም፡፡ የእነዚህን ኮድ የሚያውቅ መካኒክ ሶኬቱ ውስጥ 4ኛውንና 13ኛውን ቀዳዳ በአጭር ሽቦ አገናኝቶ የመብራቷን ብልጭታ ይቆጥራል፡፡ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብላ፣ አረፍ ብላ፣ አንድ ጊዜ ብልጭ ካለች 21 ነው፤ የኦክስጅን ሴንሰር መስመር ማለት ነው፡፡ ቀዳዳ የተሳሳተ እንደሆነ ኮምፒዩተር ሊበላሽ ስለሚችል ይህን በየቤታችሁ አትሞክሩት፡፡ ነገር ግን አስቡት፤ አምፖሉ የተነቀለበት መኪና በምን ይቁጠር? መብራቷን ያስነቀለ ሰው ሐኪሙን የሚያናግርበትን ምላስ ነው የቆረጠው፡፡

አሮጌ መኪና ለመግዛት የምታስቡም ይህን እወቁ፡፡ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ቁልፉ ሲከፈት የዳሽቦርዱ መብራቶች ሁሉ መብራት አለባቸው፡፡ የሞተሯ መብራት ብቻዋን ካልበራች አምፖሏ ተነቅሏል ወይም ተቃጥሏልና ከመስማማታችሁ በፊት ጠይቁ፡፡

መኪና የሌላችሁ ነዋሪዎች «ታዲያ እኛን ምን አገባን?» እንደምትሉ እናውቃለን፡፡ የከሰል ጢስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን፡፡ ያ ገዳይ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ቀለምም ሽታም የለውም፡፡ ቤንዚን የበዛበትና ካታሊስት የሌለው መኪና የሚያወጣው ያንኑ ጋዝ ነው፡፡ በብርድ ጠዋት ሞተር ለማሞቅ ተብሎ በግቢ ውስጥ፣ ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር ተነሥቶ የሚተው መኪና የሚተፋው ሕፃናትና አሮጊቶች ላይ ነው፡፡ መኪናው ደህና ቢሆን እንኳ በተዘጋ ቦታ ሞተር ማስነሣት ክልክል መሆን አለበት፡፡

«ከጎንደር ወደ ሽሬ የሚያልፈው የጭነት መኪና ጢስ አይብስም ወይ?» የሚሉም አሉ፡፡ የጭነት መኪናውን ጢስ እኛም እናየዋለን፤ እሱ ግን አልፎ ይሄዳል፡፡ የእኛው ቪትዝ የሚያድረው ከደጃችን ነው፤ ልናስተካክለው የምንችለውም የራሳችንን ነው፡፡

ጉዳዩ ለነገ የማይባልበት ሌላም ምክንያት አለ፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፡፡ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ከልክሏል፡፡ እንግዲህ ዛሬ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ገና ለብዙ ዓመት አብሮን የሚኖር ነው፡፡ ይዘን ካልጠገንነው ጢሱን ይዘን እንኖራለን፡፡

ስለዚህ ማኅበራችን ለሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ሁለት ሐሳብ ያቀርባል፡፡ የመጀመሪያው የመኪና ባለቤቶች አዋጥተው አንድ ስካነር እንዲገዙና በማኅበሩ ቢሮ እንዲቀመጥ ነው፡፡ መኪና የሌለው ሰው ሳንቲም አይጠየቅም፤ ድንኳንና ወንበር ለመግዛት የተቀመጠው ገንዘብም አይነካም፡፡ ያዋጣ በነፃ ያስነብባል፤ ያላዋጣ ጥቂት ይከፍላል፡፡ ሁለተኛው በሰፈራችን ማንም ባለ መኪና አምፖል ላያስነቅል፣ ደህና ካታሊስትም ላያስቆርጥ ቃል እንዲገባ ነው፡፡ ቃሉን የሚያስከብር ፖሊስ የለንም፤ እርስ በርስ መተያየት ግን ይበቃናል፡፡

መብራቷ የበራችበት ሁሉ በስብሰባው ዕለት መኪናውን ይዞ ይምጣ፡፡ አምፖሉ የተነቀለበትም አስቀድሞ አስገጥሞ ይምጣ፡፡

የማኅበሩ ጸሐፊ