የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ቻርጀርን በአገር ውስጥ መሥራት፦ ዕድሉና ጥንቃቄው

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የቻርጀር ጉዳይ የብዙ ዜጎች ጥያቄ ሆኗል። ውሳኔው ባትሪን በቀጥተኛ ኃይል የሚሞላ ቻርጀር ነድፈው ናሙና ለሚሠሩ ባለሙያዎችም በር ይከፍታል። ሥራው ግን ከስልክ ቻርጀር ጥገና ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ባለ 220 ቮልቱ ተለዋዋጭ ኃይል ወደ ቀጥተኛ ሲቀየር 311 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ የብዙ አውቶሞቢሎች ባትሪም 400 ቮልት አካባቢ ነው። መሣሪያው ኃይሉን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እያቋረጠና እያገናኘ ስለሚሠራ ትራንስፎርመሩ አነስተኛና ቀላል ይሆናል። ይሁንና ካፓሲተሮቹ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ለሞት የሚያበቃ ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ስለሆነም ናሙናው በዝቅተኛ ቮልቴጅና በተገደበ ከረንት ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሊሞከር፣ ከመስመር ኃይል የሚቀበለው ክፍል ከባትሪው ወገን በአስተማማኝ ሁኔታ ሊለይ፣ ካፓሲተሮቹን የሚያራግፍ ሬዚስተርም ሊገጠምለት ይገባል። ባትሪ መሙላቱ ብቻ ናሙናን ለገበያ አያበቃውም።

ተገልጋዮችም ከመግዛታቸው በፊት የደህንነት ፍተሻ ማስረጃ እንዲጠይቁ፣ የቤታቸውንም የመሬት መስመር ፈቃድ ባለው ባለሙያ እንዲያስፈትሹ ይመከራል። በዋጋ ቅናሽ የሚገኝ ትርፍ የሰውን ሕይወት አይተካምና።