ከመልኩ በፊት ሆዱን ጠይቁ

የቢራቢሮ ዓሣ ቆንጆ ነው። በዚህ ላይ ከማንም ጋር ክርክር የለንም። ቢጫው፣ ነጩ፣ ዓይኑን የሚሸፍነው ጥቁር መስመር፣ ሳህን የመሰለው ጠፍጣፋ ገላው፤ ተረጋግቶ በቀለም ብሩሽ የተሳለ ነው የሚመስለው። ጣጣው የሚመጣው ይህን ዓሣ እንደ መጋረጃ፣ ከሶፋው ጋር ይሄዳል አይሄድም እያልን ስንመርጠው ነው።

“ባሕር የሌላት አገር ልጆች ስለ ኮራል ምን አገባችሁ?” የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ያገባናል። ግማሹ ወዳጅ ዘመዳችን ዱባይ፣ ጂዳ፣ ኤላትና ቨርጂኒያ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ የኮራል አኳሪየም የተከለም አለ። ደግሞም ከዓሣው ጋር ትውውቃችን የቆየ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ ጎንደር ዘልቋል። አገሩ ሲመለስ ስለ ሐበሻ እንስሳት ባሳተመው ሥራ ውስጥ በ1836 ሳይንሳዊ ስም ካወጣላቸው የቀይ ባሕር ዓሦች አንዱ ኬቶዶን አውስትሪያከስ ነው፤ ብርቱካናማ ቢጫ፣ በጎኑ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች የተሰመሩበት የቢራቢሮ ዓሣ።

ታዲያ ይህ ውብ ፍጥረት የሚበላው ኮራል ነው። በሕይወት ያለ ኮራል። ከጠዋት እስከ ማታ እየዞረ የኮራሉን ፖሊፕ ጫፍ ጫፉን ሲለቅም ይውላል። ሽሪምፕ ብትሰጡት፣ ፍሌክ ብትበትኑለት፣ ምግብ መሆኑ አይገባውም። ኬቶዶን ትራይፋሺያሊስ የሚባለው ዘመዱ ደግሞ ይብሳል፤ እሱ ጠረጴዛ መስሎ የሚዘረጋውን የአክሮፖራ ኮራል ካላገኘ ሌላውን ኮራል እንኳ እንደ ነገሩ ነው የሚነካው። እንዲህ ያሉት ዓሦች ሱቅ ውስጥ ይሸጣሉ። ገዢው ቤቱ ወስዶ ምግብ ይበትናል፤ ዓሣው ያያል፣ አይበላም። ጀርባው ይሳሳል፣ ሆዱ ይሰረጉዳል፣ ከሳምንታት ወይም ከጥቂት ወራት በኋላ ይሞታል። ነጋዴው ስትጠይቁት “ይለምዳል” ይላችኋል። እኛ ግን ኮራል ብቻ የሚበሉት ዝርያዎች ጭራሽ ለቤት አኳሪየም መሸጥ የለባቸውም እንላለን። ሻጭ ካላፈረ ገዢ ይፈር።

“ባሕር ውስጥስ ቢሆን ትልቅ ዓሣ ይበላው የለ?” የሚል ሙግት ሰምተናል። ይበላዋል። ነገር ግን ባንድ ጉርሻ መበላትና መስታወት ውስጥ ሁለት ወር መራብ አንድ አይደሉም። ለገበያ ከሚቀርቡት የቢራቢሮ ዓሦች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከባሕር የተያዙ መሆናቸውም መረሳት የለበትም። እጮቻቸው ጭንቅላታቸው በአጥንት ሳህን ተሸፍኖ በሰፊው ባሕር ለብዙ ሳምንት ስለሚንሳፈፉ፣ በእርባታ ማሳደጉ ፈተና ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚኖሩት፤ ሱቁ ግን በነጠላ ይሸጣል። በዚያ ላይ በሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ ኖዋ፣ አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት እየተካሄደ መሆኑን አረጋግጧል። ዓሣው እዚያም ማዕዱ እየተነሳበት ነው።

ይህን ስንል “አትግዙ፣ አትንኩ” ማለታችን አይደለም። የሚሆን አለ። ለምሳሌ ኮፐርባንድ፤ ነጭ ገላው ላይ ብርቱካናማ ቀበቶ ያሰረው፣ አፉ እንደ ወረንጦ የረዘመው። ኮራል ያላቸው ሰዎች የሚወዱት አይፕታዚያ የሚባለውን፣ ኮራሉን እየተናደፈ እንደ አረም የሚዛመተውን ፍጡር ስለሚበላላቸው ነው። (ሁሉም አይበላም። አንዳንዱ ዞር ብሎም አያየው።) ታዲያ ሱቅ ስትገቡ ቀለሙን አትዩ። ከዓይኑ ኋላ ያለው ሥጋ ሞላ ብሏል ወይስ ጎድጉዷል? አፉ ቆስሏል? ከዚያ ነጋዴውን “እስኪ እፊታችን አብላው” በሉት። ካልበላ አትክፈሉ። ቢበላም ቀብድ ስጡና አንድ ሁለት ሳምንት ያቆይላችሁ፤ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ቤት ሲመጣ ቢያንስ 400 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ከተተከለ ወራት ያለፉት፣ ድንጋዩ በጥቃቅን ነፍሳት የተሞላ አኳሪየም ይፈልጋል። አዲስ አኳሪየም ውስጥ መጨመር ገደሉን ሳያይ ሳሩን እንዳየው በሬ መሆን ነው። ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ለብቻው አራት ሳምንት ያህል ይቆይ፤ የመዳብ መድኃኒት ከሰጣችሁት በጥንቃቄ ይሁን፣ እነዚህ ዓሦች መዳብ ይከብዳቸዋል። ከነቅርፊቱ የተከፈተ ክላም፣ ሕያው አርቴሚያ፣ ከዚያ የቀዘቀዘ ማይሲስ፤ በቀን ሁለት ሦስቴ፣ በትንሽ በትንሹ። ተሽቀዳድሞ የሚበላ ጉልበተኛ ዓሣ ካላችሁ እሱ እስኪጠግብ ኮፐርባንዱ ጾሙን ያድራል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለማይመቸው ፒራሚድ የሚባለው ነጭና ቢጫ ዓሣ አለ፤ ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ስለሚለቅም ኮራል እምብዛም አይነካም። ሄኒዮከስ ዲፍረውተስም እንደዚያው ነው። እዚህ ላይ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ፤ ሄኒዮከስ አኩሚናተስ የሚባል መንታ የሚመስል ዘመድ አለው፣ እሱ ኮራል ይቀምሳል። ብዙውን ጊዜ የዲፍረውተስ የጀርባ ክንፍ እሾህ 12፣ የአኩሚናተስ 11 ነው። ሱቅ ቆሞ እሾህ መቁጠር ያስቃል፣ እናውቃለን። ቁጠሩ።

አውስትሪያከስን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ኤላት ያሉ ወዳጆቻችን ዕድለኞች ናቸው። በኮራል ቢች ጥብቅ ስፍራ የመጥለቂያ መነጽር አድርጎ ፊትን ውኃ ውስጥ መንከር ነው፤ ከባሕሩ ዳር ብዙም ሳይርቁ፣ ጥንድ ሆነው ምሳቸውን ሲለቅሙ ይገኛሉ።