የመብራት ዋጋ በምን ይተመን?

የኤሌክትሪክ ዋጋ ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል፣ ይህም ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ መወሰኑ ለአንባቢዎቻችን የታወቀ ነው። በነቀምትና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች የነጋዴው ማጉረምረም ስለ ጭማሪው ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው የአተማመኑ ዘዴ ነው።

ዋጋን አስሮ ማቆየት ርኅራኄ ይመስላል። ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ታሪፉ ሳይነካ ኖረ፤ ብር ሲረክስ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ሲወደድ፣ ሒሳቡ ባለበት ቆመ። የጉድለቱን ዕዳ የከፈለው ማን ነው? መብራት በጠፋ ቁጥር ለጄኔሬተሩ ናፍጣ ፍለጋ የሚሮጠው ባለ ቡና መፈልፈያ ነው። በአሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1954 ከተሰጠው የፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት የሚሸጠው የተፈጥሮ ጋዝ ዋጋ ከጉድጓዱ አፍ ጀምሮ በመንግሥት ተወስኖ ስለ ቆየ፣ ለዚያ ገበያ የሚቀርበው ጋዝ እያነሰ ሄደ፤ በ1977 ክረምት ፋብሪካዎችና ትምህርት ቤቶች በጋዝ እጦት ተዘጉ።

ስለዚህ አስቀድሞ የተነገረና ቀስ በቀስ የሚጨምር ዋጋ ይሻላል እላለሁ፤ ውል የሚዋዋለው ቡና ላኪ ወጪውን ከወዲሁ ሊያሰላ ይችላልና።

የሚያሳስበኝ የአከፋፈሉ ሚዛን ነው። በታኅሣሥ 2011 የተጀመረው ማሻሻያ ሲጠናቀቅ፣ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ ለአንዱ 27 ሳንቲም ያህል፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚወስድ ፋብሪካ 93 ሳንቲም ያህል ሲከፍሉ፣ የንግድ ቤት 2 ብር ከ12 ሳንቲም ይከፍል ነበር። ለፋብሪካው መርከሱ ምክንያት አለው፤ ከትልቁ መሥመር ስለሚወስድ የማከፋፈያው ወጪ ያንሳል። የድኻውም ቤት መደገፉ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ሁለት አምፖልና አንድ ማቀዝቀዣ ያላት ሱቅ ከባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል ጋር በአንድ ተመን መመደቧ እንዴት ፍትሕ ይባላል? ለመኖሪያ ቤት የተሠራው እርከን በሚቀጥለው ክለሳ ለትንሹ ነጋዴም ይሠራለት።

ደግሞም በየሦስት ወሩ ጭማሪው ሲታወጅ፣ በየከተማው መብራት የጠፋበት ሰዓት አብሮ ይታወጅ። ሰዓቱ ካልቀነሰ ለዚያ ከተማ ጭማሪው ይዘግይ። የካሉብ ጋዝ ምርት የመጀመሪያው ምዕራፍ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተመርቋልና፣ ንግድ ምክር ቤቶች ስለ ጋዙም አተማመን ይህንኑ ጥያቄ ከአሁኑ ቢያቀርቡ መልካም ነው።